መሥዋዕተ ክርስቶስ፦ ፈውስና ሕዳሴ በወላይታ ምእመናን ዘንድ

ስለ ነገረ ድኅነት የሚጽፉ ሊቃውንት፥ ይልቁንም የምዕራቡን ዓለም ትምህርት የተከተሉት፥ የክርስቶስን መሥዋዕት በአብዛኛው በዳኝነት ቋንቋ ሲያስረዱ ይታያሉ፤ ሰው ተከሳሽ፥ ኃጢአት ዕዳ፥ መስቀልም ዕዳው የተከፈለበት አደባባይ ሆኖ ይቀርባል። ይህ አገላለጽ በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ የቆመና የማይነቀፍ ቢሆንም፥ ከሶዶ እስከ ቢጠና፥ ከዳሞት ተራራ ግርጌ እስከ ኦሞ ቆላ ባለው በወላይታ አገር የወንጌል ቃል በተሰበከ ጊዜ የሰሚውን ልብ አስቀድሞ የነካው የዳኛው ችሎት ሳይሆን የሕመምተኛው መኝታ እንደ ነበረ፥ የአገሩን የቀድሞ እምነት የመረመረ ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም።

የወላይታ ሰው በሰማይ ያለውን ፈጣሪ፥ ጦሳን፥ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ጦሳ ርቆ የሚኖር መስሎ ስለ ታየው የዕለት ኑሮው ጣላሂያ ከሚባሉት መናፍስት ጋር ተቈራኝቶ ቀረ። ልጅ ሲታመም፥ ላም ስትመክን፥ ዝናም ሲዘገይ ወደ ሻሬቹዋው፥ ማለት ወደ ባለ መንፈሱ ጠንቋይ፥ ተሂዶ የትኛው መንፈስ እንደ ተቈጣ ይጠየቃል፤ እርሱም የሚታረደውን እንስሳ ያዝዛል። ሕመሙ ካልቀለለ ሌላ መሥዋዕት ይታዘዛል፤ ቢቀልም መንፈሱ ሌላ ቀን ተመልሶ ድርሻውን ይጠይቃልና፥ ድኻው ገበሬ ከበረቱ የመጨረሻዋን ፍየል እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ የሚዘጋበት ቀን አልነበረውም። እንግዲህ ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት፥ በየጊዜው የሚደጋገም መሥዋዕት መደጋገሙ ራሱ የአቅሙን ማነስ እንደሚገልጥ፥ የክርስቶስ ግን አንድ ጊዜ ተሠውቶ ለዘለዓለም የሚበቃ እንደ ሆነ ሲያስተምር፥ ይህን ትምህርት ለመረዳት ለበሽተኛ ሲባል በሬ ሲታረድ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የአውሮፓ ተማሪ ከወላይታው ገበሬ ይልቅ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ለዚህም መንገድ ጠራጊ አልጠፋም። ሚሲዮናውያን ከመግባታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ የኦሞቲክ ቋንቋዎችን በሚናገሩ ሕዝቦች መካከል እየተዘዋወረ፥ ለመናፍስት መሠዋት እንዲቀር፥ ሕዝቡም ኃጢአቱን ተናዝዞ ወደ ጦሳ ብቻ እንዲጸልይ አስተማረ፤ የቤቱም አባወራ በእሑድ ቀን ጣቱን ከማር አጥቅሶ ወደ ሰማይ እየረጨ ምሕረት እንዲለምን አዘዘ። በዚያ ሥርዓት ደም አይፈስም፤ መካከለኛም የለም። በእኔ አስተያየት የኤሳ ትምህርት የቀድሞውን መሥዋዕት በትክክል ሻረ፥ በምትኩ ምን እንደሚቆም ግን ሳይናገር አለፈ፤ የወንጌሉም ስብከት የገባው በዚህ በባዶው ስፍራ ነው።

የሱዳን ውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች በሐኪሙ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ ሥራ ጀመሩ፤ ከጊዜ በኋላም በሶዶ አጠገብ በኦቶና፥ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል በሆነው ስፍራ፥ ሕክምናና ስብከት ጎን ለጎን ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1926 ዓ.ም. ተጠመቁ። በዚህ ጊዜ ተጠራጣሪ ሰው፥ ሕዝቡ የተሳበው በመድኃኒቱ ነው፤ የክርስቶስ ፈዋሽነት የሚባለውም የመርፌውና የኪኒኑ ጥላ ነው፥ ሊል ይችል ይሆናል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ጣልያን አገሩን ከያዘ በኋላ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲሄዱ ሕክምናውም አብሮ ሄደ፤ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም እንደ ዋንዳሮ ያሉት ታሰሩ፥ ተገረፉም። ነጻነት ተመልሶ ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ ያገኙት ሕዝብ ግን በአሥር ሺሕ የሚገመት ነበር። ሕክምና በሌለበት፥ ግርፋት ባለበት ዘመን የተስፋፋ የፈውስ ትምህርት፥ ፈውስ ሲል የሥጋን ጤንነት ብቻ ሊያመለክት አይችልም፤ ከመናፍስት ፍርሃትና ከማያልቀው ግብር መውጣት፥ ለእነዚያ ሰዎች፥ ራሱ ጤና ነበር።

ይህ መውጣት የሚታይ ምልክት ነበረው። በወላይታ የሚያምን ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሰይጣንን መካዱን፥ በክርስቶስም ማመኑን ይናገር ነበር። ይህን የምናነሣው፥ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ጥምቀትም ተጠማቂው፥ ሕፃን ቢሆንም በክርስትና አባቱ ወይም እናቱ አፍ፥ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳልና፥ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ሃይማኖቱን ይመሰክራልና ነው። ከሚሲዮን የተማረው የወላይታ ገበሬ ይህን ጥንታዊ ሥርዓት በሌላ በር ገብቶ አገኘው ማለት ነው። ሰይጣንን ክዶ ወደ ክርስቶስ መመለስም የሕዳሴ መጀመሪያ ነው፤ አቡነ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ፥ በሰው ላይ የተሣለው የእግዚአብሔር መልክ በጠፋ ጊዜ ሠሌዳው አይጣልም፤ የመልኩ ባለቤት ራሱ መጥቶ ሥዕሉ በዚያው እንጨት ላይ ይታደሳል፥ ብሎ አስተምሯል። ሕዳሴ ማለት እንግዲህ ሌላ ሰው መፍጠር ሳይሆን ያንኑ ሰው ወደ ጥንተ ተፈጥሮው መመለስ ነው። ይህ ሕዳሴ ከመሥዋዕቱ እንደማይለይ የስቅለት ሥርዓት ያሳያል፦ በስቅለት ዕለት በሶዶ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናኑ ሲሰግዱ ውለው ወደ ማታ ሲናዘዙ፥ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ጠብ ጠብ አድርጎ ስግደት ያዝዛቸዋል፤ በማግሥቱም ቄጠማ ይታደላል፤ በሌላ ወገን ያለው ወንጌላዊም ይህን ሥርዓት ባይፈጽም፥ ሐዘኑና ልምላሜው በአንድ መሥዋዕት የተያያዙ መሆናቸውን አይክድም።

ዳሩ ግን ሕዳሴው በአንድ ሰው ነፍስ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጭናሻና ቆዳ ፋቂው ደጌላ ከቀረው ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የሚከለክል ደንብ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። አብያተ ክርስቲያናቱ የጌታን ማዕድ ለሁሉ አንድ አድርገው መዘርጋታቸው ይህን ደንብ ከሥሩ ያነቃነቀ ታላቅ ነገር ነው፤ ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን፥ ከአንድ ኅብስት አብረው የተካፈሉ ቤተ ሰቦች የዘር ሐረግ ወደ መቍጠር ሲመለሱ ዛሬም ይታያል። የሚያቀርቡትም ምክንያት የአባቶች ደንብ የሚል ነው፤ ለአባቶች መናፍስት ይሠዋ የነበረው ደም በክርስቶስ ደም ተሽሯል ብሎ ባመነ ቤት፥ ያው የአባቶች ደንብ በምን ሥልጣን ጸንቶ እንደ ቀረ ማስረዳት የእነርሱ ፈንታ ነው።