መዋጮ

«መዋጮ» ከ«አዋጣ» የወጣ ቃል ነው፤ ለጋራ ጉዳይ ከየኪስ አውጥቶ መደመር ማለት ነው። የእድር መዋጮ እኩል ስለሆነ በአባላቱ መካከል ባለውለታና ባለዕዳ አይፈጥርም። ባለሀብት ለምርጫ ዕጩ የሚያፈሰው ገንዘብ ግን ውሎ አድሮ ምላሽ የሚጠብቅ እጅ መንሻ ይሆናል። ኒው ዮርክ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የምርጫ ድጎማ ቃሉን ወደ ትርጉሙ ይመልሰዋል፦ በደንቡ የታቀፈ የከንቲባ ዕጩ ከአንድ ነዋሪ ለሚያገኘው፣ እስከ 250 ዶላር ድረስ፣ ከተማዋ በእያንዳንዱ ዶላር 8 ትጨምራለች።

«ግብሬ ለማልደግፈው ዕጩ ለምን ይውላል?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም የባለሀብቱ ስጦታም በነጻ አይመጣም፤ በግብር ቅናሽ ወይም በጨረታ ሲመለስ የሚከፍለው ያው ግብር ከፋዩ ነው። «አዋጣ» «ጠቀመ» ማለትም ነውና፣ ሕዝብ ያዋጣው ምርጫ ሕዝብን ያዋጣዋል።