የሻርትር ካቴድራል ታሪክና የሕንፃ ጥበብ

ሻርትር ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰፊ የስንዴ ሜዳ መካከል የምትገኝ የፈረንሳይ ከተማ ናት። ወደ እርሷ የሚጓዝ ሰው ከቤቶቿ አስቀድሞ የሚያየው ቁመታቸው የማይተካከል ሁለት የደወል ማማዎችን ነው። ማማዎቹ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ስም የተሠራው የሻርትር ካቴድራል ናቸው። ካቴድራሉ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ጵጵስና ሲሆን፣ ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የጥንት መልኩን በብዛት ጠብቆ የቆየ በመሆኑ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀደሙት አብያተ ክርስቲያናት

ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በቦታው የመጀመሪያው አይደለም። ከእርሱ በፊት በዚያው ስፍራ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት በየዘመኑ በእሳት ጠፍተዋል። በ876 ዓ.ም. ንጉሥ ቻርልስ (መላጣው ቻርልስ የሚባለው) ለሻርትር ቤተ ክርስቲያን አንድ የሐር ልብስ ሰጠ። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ይህ ልብስ ከቁስጥንጥንያ የመጣ፣ እመቤታችን ጌታችንን በወለደች ጊዜ ለብሳው የነበረ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከተማዋ ምእመናን ከሩቅ የሚሳለሟት ቦታ ሆነች። ለዘመናት ልብሱ የተሰፋ ቀሚስ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ በ1712 ዓ.ም. ማኅደሩ ሲከፈት ያልተሰፋ ረጅም ጨርቅ ሆኖ ተገኝቷል።

በ1020 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል በትምህርቱ የታወቀው ጳጳስ ፉልበር እንደገና አሠራው። ፉልበር ያሠራው የምድር ውስጥ ቤተ መቅደስ እስከ አሁን አለ፤ የዛሬው ካቴድራልም በእርሱ ላይ ቆሟል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ሁለቱ ማማዎችና “የነገሥታት በር” የሚባለው የምዕራቡ መግቢያ ተሠሩ።

የ1194 ዓ.ም. ቃጠሎ

በ1194 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከባድ እሳት ከተማዋን በላ። ከካቴድራሉ የተረፉት የምድር ውስጡ ክፍል፣ ማማዎቹና የምዕራቡ ፊት ብቻ ነበሩ። የከተማው ሰው ከቤቱና ከንብረቱ መጥፋት ይልቅ ያዘነው የእመቤታችን ልብስ ተቃጠለ ብሎ ነበር። ብዙዎችም ቤተ ክርስቲያኑን መልሶ የመሥራት ተስፋ አጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ልብሱን ይዘው ወደ ታችኛው ዋሻ የገቡት አገልጋዮች ከነልብሱ በደኅና ወጡ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ የነበረው የሮም መልእክተኛ ካርዲናል ሜሊዮር ሕዝቡን ሰብስቦ ይህ አዲስና የሚበልጥ ቤት እንዲሠራ የተሰጠ ምልክት መሆኑን አስተማረ። ኀዘኑ ወደ ሥራ ተለወጠ። ካህናቱ ከገቢያቸው፣ መሳፍንቱ ከሀብታቸው፣ ሕዝቡም ከገንዘቡና ከጉልበቱ አዋጡ።

ሥራው በፍጥነት ሄደ። የሕንፃው ዋና አካል በ1220 ዓ.ም. ገደማ ጣሪያው ተገጥሞለት ነበር፤ በጥቅምት 24 ቀን 1260 ዓ.ም. ደግሞ ተባረከ። ዋናው ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በመከናወኑ ሕንፃው ወጥ የሆነ መልክ አለው። የሠራው ዋና መሐንዲስ ግን ስሙ አልተጻፈም።

የሕንፃው አሠራር

ካቴድራሉ ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ መቅደሱም በምሥራቅ በኩል ነው። ርዝመቱ 130 ሜትር ያህል፣ የመካከለኛው ክፍል የውስጥ ከፍታ ደግሞ 37 ሜትር ያህል ነው። የአሠራሩ ስልት ጎቲክ ይባላል። በቀደመው ስልት ከባዱን የድንጋይ ጣሪያ የሚሸከሙት ወፍራም ግድግዳዎች ስለነበሩ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ውስጡም ጨለማ ነበር። የጎቲክ ስልት ይህን በሦስት ነገሮች ለወጠው። አንደኛው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ቅስት ነው፤ ክብደትን ወደ ጎን ከመግፋት ይልቅ ወደ ታች ያወርዳል። ሁለተኛው የጣሪያውን ሸክም ሰብስቦ ወደ ምሰሶዎች የሚያደርስ የድንጋይ አጥንት ነው። ሦስተኛው ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ግፊቱን የሚቀበል ደጋፊ ቅስት ነው። ሸክሙ ወደ ምሰሶዎችና ወደ ደጋፊዎች ስለተላለፈ ግድግዳው ክብደት ከመሸከም ነጻ ሆነ፤ በቦታውም ሰፋፊ መስኮቶች ገቡ።

ከማማዎቹ የደቡቡ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን 105 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሰሜኑ ማማ ጫፍ በ1506 ዓ.ም. በመብረቅ ተቃጥሎ ዣን ደ ቦስ የተባለ ባለሙያ ከፍ አድርጎ በሌላ ስልት ሠራው። የሁለቱ ማማዎች አለመመሳሰል ከዚህ የመጣ ነው።

በመስታወትና በድንጋይ የተጻፈ ትምህርት

ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሥዕል መጽሐፍ ነበር። ካቴድራሉ ከ170 በላይ ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች አሉት፤ አብዛኞቹም የ12ኛውና የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው። ከ1194ቱ እሳት የተረፉት የምዕራቡ ሦስት መስኮቶች የእሴይን የትውልድ ሐረግ፣ የጌታን ልደትና ሕማሙን ያሳያሉ። በልዩ ሰማያዊ ቀለሙ የታወቀው ጌታን በጕልበቷ ያስቀመጠች የእመቤታችን ሥዕልም ከዚያው እሳት የተረፈ ነው። በሰሜኑ ክብ መስኮት ሥር ቅድስት ሐና ሕፃኗን ማርያምን ታቅፋ ትታያለች። በደቡቡ በኩል ደግሞ አራቱ ወንጌላውያን በአራቱ ዐበይት ነቢያት ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል፦ ማቴዎስ በኢሳይያስ፣ ማርቆስ በዳንኤል፣ ሉቃስ በኤርምያስ፣ ዮሐንስ በሕዝቅኤል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሐዲስ ኪዳን በብሉይ ኪዳን ላይ የቆመ ነው። ከመስኮቶቹ ግርጌ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ጫማ ሠሪዎችና ሌሎችም ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ እንዳሉ ተሥለዋል።

በሰሜኑ በር ከቆሙት ምስሎች መካከል ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ይገኙበታል። የንግሥቲቱን ታሪክ ከክብረ ነገሥት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ የኢየሩሳሌም ጉዞዋ በሩቅ ምዕራብም በድንጋይ ተቀርጾ መገኘቱ ልብ የሚባል ነው።

የጥፋትና የጥበቃ ዘመናት

በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1793 ዓ.ም.፣ በምድር ውስጡ ቤተ መቅደስ የነበረው ጥንታዊ የእንጨት የእመቤታችን ምስል ተቃጠለ፤ ልብሱም ተቆራረጠ፤ ከቁራጮቹ የተረፉት ግን እስከ ዛሬ በካቴድራሉ ይገኛሉ። በ1836 ዓ.ም. በጣሪያው ላይ በተነሣ እሳት ጥንታዊው የእንጨት መዋቅር በሙሉ ወደመ። በምትኩ እሳት የማይበላው የብረት መዋቅር ተሠርቶ በመዳብ ተከደነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል መስኮቶቹ በጥንቃቄ ወርደው ተሸሸጉ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በነሐሴ 1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ጠላት በማማዎቹ ላይ መሽጓል ብሎ ካቴድራሉን ለመደብደብ ባሰበ ጊዜ፣ ኮሎኔል ዌልቦርን ግሪፊዝ ራሱ ገብቶ ማንም አለመኖሩን አረጋገጠ፤ ድብደባውም ቀረ። ኮሎኔሉ በዚያው ቀን በአቅራቢያው በተደረገ ውጊያ ሞተ። ካቴድራሉ በ1979 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የእድሳቱ ክርክር

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው እድሳት ለዘመናት በሻማና በጢስ የጠቆረውን የውስጥ ግድግዳ አጽድቶ ወደ ብሩህ ቀለም መለሰው። ባለሙያዎቹ ከጥቀርሻው ሥር የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልስንና ቀለም ማግኘታቸውን መሠረት አድርገው ሥራው የጥንቱን መልክ መመለስ ነው አሉ። ተቃዋሚዎች ግን ምእመናን ለዘመናት የጸለዩበትን ድባብ አጠፋ፣ መስኮቶቹም በጨለማው ውስጥ የነበራቸውን ድምቀት ቀነሰ አሉ። በጥቁር መልኳ ትታወቅ የነበረችው የምሰሶዋ እመቤታችን ምስል በአዲስ ቀለም መቀባቷ ክርክሩን አባባሰው።

ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቅርስ ያላትን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የሚመለከት ነው። ግድግዳን መጠገን፣ ሥዕልን ማጽዳት፣ ጣሪያን መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ሳይመረምሩ፣ ያለውንም ሳይመዘግቡ የሚደረግ እድሳት በበጎ ፈቃድ የአባቶችን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። የሻርትር ካቴድራል እስከ ዛሬ የቆየው ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ልብሱን ይዘው ወደ ዋሻ የወረዱ፣ መስኮቱን አውርደው የሸሸጉ፣ ከመተኰስ በፊት ገብተው ያዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።