ከሰው መሀል ወይስ ከሰው ርቆ፦ የአሜሪካ የቤት መኪና ሰፈሮች ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ በቤት መኪና ወይም በተጎታች ቤት የሚጓዝ ሰው ሲመሽ ከሁለት ዓይነት ማደሪያ አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ውኃ፣ መብራትና መጸዳጃ የገባለት፣ በቁጥር የተሸነሸነ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ የሚሰማበት የካምፕ ሰፈር ነው። ሁለተኛው ምንም ያልተሠራበት በረሃ፣ ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ ምርጫው የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወራል፤ ጨዋታ የሚወድ ከሰው መሀል፣ ጸጥታ የሚወድ ከሰው ርቆ ይሰፍራል ይባላል። ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ማን የት እንደሚያድር በአብዛኛው የወሰኑት ውኃ የሚቀዳበት ቦታ፣ የፍሳሹ መድረሻ፣ የኪስ አቅም፣ አንዳንዴም የቆዳ ቀለም ናቸው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በባቡር ዘመን ለሽርሽር የሚወጣ አሜሪካዊ የሚያድረው ሐዲዱ ባደረሰው ሆቴል ነበር። ፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ገበያ ላይ ውሎ ዋጋው ዓመት በዓመት ሲወርድ ግን መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ብርድ ልብሱን መኪናው ላይ ጭኖ በፈለገው አቅጣጫ መውጣት ጀመረ። መንገዱ ላይ ሲመሽበት ባለበት ይቆማል፤ በገበሬ ማሳ ጥግ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በድልድይ ሥር ያድራል። በዚያ ዘመን ገለል ያለ ቦታ ማለት ማንም የማያስከፍልበት ቦታ ማለት ነበር፣ የተሠራ ሰፈር ገና አልነበረምና። ይህ ነጻነት ዕድሜው አጭር ሆነ። መንገደኛው የገበሬውን ጉድጓድ ያደፈርሳል፣ የአጥሩን በር ሳይዘጋ ይሄዳል፣ ፍሬውን ይለቅማል፣ ባዶ ቆርቆሮውን በትኖ ይነሣል። ገበሬዎቹም የክልከላ ሰሌዳ በየማሳቸው ተከሉ።

በዚህ ጊዜ ጣልቃ የገቡት ከተሞች ናቸው። መንገደኛው የሚሸምተው ነዳጅና ምግብ ለነጋዴዎቻቸው ጥሩ ገቢ መሆኑን ሲያዩ በነጻ የሚሰፈርባቸው የማዘጋጃ ቤት ካምፖችን ከፈቱ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንዱ ከተማ ከሌላው ይፎካከር ነበር። በዴንቨር የነበረው ኦቨርላንድ ፓርክ 160 ኤከር ወይም 65 ሄክታር ያህል ላይ ያረፈና 800 ያህል መስፈሪያ የነበረው ሲሆን፣ ሱቅ፣ የልብስ ማጠቢያና የጭፈራ አዳራሽ ጭምር ነበሩት። ከከተማ ሸሽቶ የወጣው ሰው በዚህ መንገድ ሌላ ከተማ ውስጥ ገባ፤ ብዙዎቹም ደስ ነበራቸው። በ1919 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ውስጥ የተመሠረተው የ«ቆርቆሮ ቱሪስቶች» ማኅበር አባላት ክረምቱን በአንድ ሰፈር ተሰባስበው ማሳለፍን ልማድ አደረጉት።

ብቸኝነትን ፍለጋ የወጡ ታዋቂዎችም ቢሆኑ ብቻቸውን አልወጡም። ሄንሪ ፎርድ፣ ቶማስ ኤዲሰን፣ የጎማ ፋብሪካው ሃርቪ ፋየርስቶንና የተፈጥሮ ጸሐፊው ጆን በሮውስ ከ1914 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ ጫካ ሲገቡ የወጥ ቤት መኪና፣ አብሳዮችና ጋዜጠኞች ይከተሏቸው ነበር። በኤዲሰን ባትሪ የሚበራ መብራት በድንኳኖቹ ተዘርግቶ፣ መሀሉ የሚሽከረከር ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ይመገቡ ነበር። በ1921 ፕሬዝዳንት ሃርዲንግም ተቀላቅለዋቸዋል። ጫካው ጭር ያለው ከመድረሳቸው በፊት እንደነበር መገመት ይቻላል።

የነጻው ሰፈር ዘመን ያበቃው መኪና እየረከሰ በመሄዱ ነው። ሥራ ፍለጋ የሚዞሩ ድሆች ቤተሰቦች በአሮጌ ፎርድ መጥተው ለሳምንታት ሲቆዩ፣ ከተሞቹ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሌሊት ክፍያና የቆይታ ገደብ አመጡ። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ሰው መምረጥም ነበረና። የግል ሰፈሮች ተከተሉ፣ ከእነሱም ትንንሽ ጎጆ የሚያከራዩት ወጡ፣ ቆይቶም ሞቴል የሚባለው ተወለደ። ሰፈሩ በዋጋ መለየት የጀመረው ያኔ ነው።

በብሔራዊ ፓርኮችና በደኖች የነበረው ችግር ሌላ ነበር። መኪና ዮሰማይት ፓርክ ውስጥ እንዲገባ በ1913፣ የሎስቶን ደግሞ በ1915 ተፈቀደ፤ የፓርኮቹ አስተዳደር በ1916 ሲቋቋምም ጎብኚ በብዛት እንዲመጣለት ይፈልግ ነበር። ሰፈር የሚባለው ሜዳ ግን ወሰን አልነበረውም። ሾፌሩ በዛፎቹ መሀል ወደፈለገበት እየነዳ፣ ቁጥቋጦውን እየጨፈለቀ፣ ደስ ያለው ጥላ ሥር ይቆማል። በካሊፎርኒያ የጥንታዊ ሬድዉድ ዛፎች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲያጠና የተጠየቀው የዕፅዋት በሽታ ሊቅ ኤሚሊዮ ማይኔኬ የደረሰበት ግኝት ቀላል ግን ከባድ ነበር፦ ዛፎቹን የሚጎዳው መጥረቢያ ሳይሆን እግርና ጎማ ነው። አፈሩ በመረገጥ ብዛት ይጠጥራል፣ ውኃና አየር ወደ ሥሩ አይደርስም፣ ዛፉም ከሥሩ ይታመማል።

ማይኔኬ በ1932 ያወጣው የካምፕ ሰፈር መመሪያ ዛሬም በየፓርኩ የሚታየውን መልክ ሰጠ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ቀለበት ይሆናል፤ ከቀለበቱ አጫጭር ማቆሚያዎች ወደ ጎን ይወጣሉ፤ መኪናው ከዚያ እንዳያልፍ ትላልቅ ድንጋይና ግንድ ይደረደራል። ጠረጴዛውና ምድጃው መሬት ላይ ይተከላሉ። እነሱ ከተተከሉ ድንኳኑም የት እንደሚቆም በራሱ ይወሰናል፣ ሰፋሪውም ሳያውቀው ንድፍ አውጪው ባሰበለት ቦታ ያርፋል። በሁለት መስፈሪያዎች መካከል ያለው ቁጥቋጦ ሳይነካ እንደ መጋረጃ ይቀመጣል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሃምሳ ቤተሰብ በአንድ ሰፈር እያለ እያንዳንዱ ብቻውን የሰፈረ ይመስለዋል። ጭርታው በሰው እጅ የተሠራ ነበር፣ ሆኖም ይሠራል። ከ1933 እስከ 1942 ሥራ አጥ ወጣቶችን ያሠማራው የሲቪል ጥበቃ ጓድ ይህን ንድፍ በመላ አገሪቱ አዳረሰው። ማይኔኬ ራሱ ግን ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሥጋት ታየው። ለድንኳንና ለአንዲት መኪና በተለካ ማቆሚያ ላይ ተጎታች ቤት ሲመጣ መዞሪያው ይጠብባል፣ ዛፍ መቁረጥ ይመጣል፤ በ1935 ስለዚሁ አደጋ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። እንዳለውም ሆነ፣ ማቆሚያዎቹ ከዚያ ወዲህ እየረዘሙ ሄዱ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምርጫው ለሁሉም አሜሪካዊ እኩል አልተከፈተም። ጥቁር ተጓዦች በደቡብ ክልሎች በብዙ ሆቴሎችና ካምፖች አይስተናገዱም ነበር፤ ከ1936 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሃርለም የታተመው «ግሪን ቡክ» የሚባለው መመሪያ የሚቀበሏቸውን ቤቶች የሚዘረዝርላቸው ለዚህ ነው። በቨርጂኒያ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1939 ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ሰፈር ከፈተ፤ መለያየቱ በፓርኩ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ለነጩ መንገደኛ ነጻነት የነበረው ጭር ያለ የመንገድ ዳር ለጥቁሩ ቤተሰብ የሚፈራ ቦታ ሊሆን ይችል ነበር። ስለ ካምፕ የሚጻፈው ትዝታ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩን የለወጠው የውኃና የፍሳሽ ታንክ ነው። ቀደም ያሉት ተጎታቾች በአብዛኛው መጸዳጃ አልነበራቸውም፣ የእቃ ማጠቢያቸውም ውኃ በቱቦ መሬት ላይ ይፈስ ነበር፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከቧንቧና ከሕዝብ መጸዳጃ ብዙ መራቅ አይችልም። በ1957 ኤርስትሪም ኩባንያ ያቀረበው «ኢንተርናሽናል» የተባለው ሞዴል ውኃውን፣ መጸዳጃውንና ኃይሉን በራሱ ይዞ ከምንም መስመር ጋር ሳይገናኝ ማደር የሚችል ነበር። የኩባንያው መሥራች ዋሊ ባየም በልጅነቱ በኦሪገን በግ ሲጠብቅ አህያ በምትጎትተው፣ ምድጃና የውኃ ባልዲ ባለው ጋሪ ውስጥ ኖሯል፤ ራስን የቻለ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ባየም ይህንን ለማሳየት ደንበኞቹን አስከትሎ ሩቅ አገር ይጓዝ ነበር። በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ ካይሮ የደረሰው ጓድ 41 ተጎታቾችን የያዘ ሲሆን፣ መንገዱ በኢትዮጵያ ያልፍ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። የሚገርመው አሰፋፈራቸው ነው። ሰው በማይታይበት ሰፊ ሜዳ ላይ እንኳ እነዚያ የሚያብረቀርቁ ተጎታቾች እንደ ጋሪ እግር በክብ በክብ ተደርድረው፣ በር ለበር ይገጥሙ ነበር። ታንኩ የትም ብቻቸውን ማደር አስችሏቸው ሳለ አብረው ማደርን መረጡ።

በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ 41,000 ማይል የፈጣን መንገድ መረብ አቀደ፤ በዚያው ዓመት የፓርኮች አስተዳደር «ሚሽን 66» በሚል ስም የአሥር ዓመት የግንባታ ዘመቻ ጀመረ። በ1962 ሰዎች በሲያትል ወደሚካሄደው የዓለም ትርኢት ሲጎርፉ፣ በሞንታና ቢሊንግስ ከተማ የየሎስቶን ወንዝ ዳር መሬት የነበረው ዴቭ ድራም ለሌሊቱ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም እያስከፈለ ሰፈር ከፈተ። ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ ሙቅ ሻወርና ሱቅ ነበረው። ኬኦኤ የሚባለው ኩባንያ የተነሣው ከዚህ ሲሆን፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሰፈሮቹ በመቶዎች ተቆጠሩ። በ1966 ዊኔቤጎ ኩባንያ በፋብሪካ መስመር የቤት መኪና ማምረት ሲጀምር ደንበኛው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የኬኦኤ ሰፈሮች የሸጡት መልክዓ ምድር ሳይሆን እርግጠኝነት ነበር፤ አባወራው ከሩቅ ቢጫውን ምልክት ሲያይ ንጹሕ መጸዳጃ እንዳለ ያውቃል። ስለ መጨናነቃቸው የሚቀርበው ትችት ይህን ጥቅም ሲያቃልል ፍትሐዊ አይደለም።

በፓርኮቹ ግን መጨናነቁ ከልክ አለፈ። የዮሰማይት ሸለቆ በበጋ ቅዳሜና እሑድ በጭስና በጩኸት ይሞላ ነበር፤ በሐምሌ 1970 በነጻነት በዓል ሰሞን ፈረሰኞቹ የፓርክ ጠባቂዎች በስቶንማን ሜዳ የተሰበሰቡ ወጣቶችን ለመበተን ሲሞክሩ ግጭት ተነሥቶ ከመቶ በላይ ሰዎች ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ የመስፈሪያው ቁጥር ተወስኖ፣ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ቀስ በቀስ ደንብ ሆነ።

ያን መጨናነቅ የሸሹት ወደ ሕዝብ መሬት ሄዱ። በ1946 የተቋቋመው የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚጠብቀው መሬት 245 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነው፤ የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል። በአብዛኛው ያለ ክፍያ መስፈር ይቻላል፤ የተለመደው ገደብ በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው። ክረምቱን ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች የአሪዞና በረሃን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ከሁሉ የታወቀችው ኳርትዝሳይት ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአሜሪካ ጦር ግመል ይነዳ የነበረው ሃጂ ዓሊ የተቀበረባት፣ በ1967 የተጀመረ የማዕድን ድንጋይ ገበያ ያላት ትንሽ ከተማ። ቋሚ ነዋሪዋ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም፣ በጥር ወር ግን በዙሪያዋ ያለው በረሃ በተጎታች ይነጣል።

ሰፋሪው ሲበዛ ቢሮው በ1983 ረጅም ቆይታ የሚፈቀድባቸውን ቦታዎች ለየ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለሚቆይ ፈቃድ ለዓመታት 180 ዶላር ሲከፈል ቆይቷል። የደንቡ ዝርዝር ራሱ ታሪኩን ይናገራል፦ በሁለት ማደሪያዎች መካከል ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ከተለዩ ቦታዎች በቀር ቢያንስ 10 ጋሎን የሚይዝ ቋሚ የፍሳሽ ታንክ የሌለው መስፈር አይችልም። በላ ፖሳ ሰፈር ማለዳ ማለዳ ተሽከርካሪዎች በፍሳሽ ማራገፊያው ፊት ይሰለፋሉ። ባለቤቱ ጓንቱን አጥልቆ ቱቦውን ይገጥምና በመጀመሪያ የመጸዳጃውን ታንክ ይከፍታል፤ ቀጥሎ የእቃ ማጠቢያውን ውኃ ይለቃል፣ ይኸኛው ቱቦውን እንዲያጥብለት። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ ወደ ጭርታው ይመለሳል። ጭርታው የሚቆየው ታንኩ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው።

በጣሪያ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ኃይል የጄኔሬተሩን ጩኸት ቀንሶ ቆይታውን አራዝሟል፤ የሳተላይት ኢንተርኔት ደግሞ ሥራውን ይዞ የሚሄድ አዲስ ሰፋሪ አመጣ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ብዙ አረጋውያን መኪናቸውን ቤት አድርገው ወደዚያው በረሃ ወጡ፤ የጄሲካ ብሩደር የ2017 መጽሐፍ «ኖማድላንድ» ስለ እነሱ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ገለል ያለው ቦታ የእረፍት ምርጫ ሳይሆን የነጻ አድራሻ ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የተጓዡ ብዛት እንደገና ዘለለ፤ በ2021 ብቻ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ600,000 በላይ ተጎታቾችና የቤት መኪናዎች ለገበያ አቀረቡ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር።

ውጤቱ በታወቁት ውብ አካባቢዎች ፈጥኖ ታየ። በዩታ ሞአብ ዙሪያ በሕዝብ መሬት የሚሰፍር ሰው ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ እንዲይዝና ቆሻሻውን ይዞ እንዲወጣ ይገደዳል፤ በብዙ መንገዶች ዳርም የሚፈቀደው ምልክት በተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። በአሪዞና ሴዶና አጠገብ ያለው የኮኮኒኖ ብሔራዊ ደን ቀድሞ የትም ይሰፈርባቸው የነበሩትን አካባቢዎች ወደ ተወሰኑ መስፈሪያዎች ሰብስቧቸዋል።