ከቡሬ ምሽግ እስከ ሩዝቬልት መዝገብ ቤት

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በእናቶች ሣጥን ውስጥ፣ ከድሮ ጠገራ ብር አጠገብ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ነጭ ሽልንግ ትገኛለች። በአንድ ፊቷ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የጫነ አንበሳ አለባት። ዓመቷ 1936 ዓ.ም. ይላል። አንዳንዱ በስቶ ካንገቱ ክር ላይ አስሯታል፣ ሌላው አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ቀለበት አሠርቶባታል። ስለ ሽልንጓ የጠየቀ ሰው «የጃንሆይ ናት» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ብሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ወዳጅ ለሚሏቸው አገሮች መሣሪያና ዕቃ በውሰትና በኪራይ የሚሰጡበት ሕግ ነበር፤ በዚያ ሕግ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር ለኢትዮጵያ ተሰጠ፣ ሽልንጉም ፊላደልፊያ ላይ ተመታ። ማርያ ቴሬዛን እንጂ ወረቀት የማያምነው የጎጃም ገበሬ አዲሱን ገንዘብ እንዲቀበል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ብር ነው።

ሩዝቬልት ያንን ሕግ የፈረሙት መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ልክ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ የካቲት 25፣ የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሽቶ ነበር። ሁለቱን ቀኖች የሚያገናኝ ትእዛዝም ደብዳቤም የለም። የቡሬ ሰው ስለ ሩዝቬልት አልሰማም፤ ሩዝቬልትም ቡሬ የት እንደሆነች የሚጠይቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከፕሬዚዳንቱ ፊት የተቀመጡት በቡሬ መንገድ ስለመጡ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር እሱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንዱን ሰው ሰነድ ማን አስቀመጠ፣ የሌላውን ማን በተነው የሚለው ነው።

ከቡሬ እንጀምር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻግረው፣ በበላያ ተራራ ቆይተው ወደ ደጋው ወጡ። ከፊታቸው የሚሄደው ጦር የእንግሊዙ ኮሎኔል ዊንጌት የሚመሩት፣ በሱዳን ወታደሮችና በስደት በሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የተሞላ ከ2 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ኃይል ነበር። ዊንጌት ስሙን «ጊዴዎን» ያሉት ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስደው ነው። በሦስት መቶ ሰው ምድያምን ያሸነፈውን ጊዴዎንን የማያውቅ የጎጃም ሰው ስለሌለ፣ ስሙ ለእንግሊዞቹ ሳይሆን ለእኛ የወጣ ይመስላል። ስንቅና ጥይቱን የጫኑት ግመሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የደጋው ብርድና ዳገት አብዛኞቹን በየመንገዱ አስቀራቸው።

ቡሬና ማንኩሳ ላይ የተመሸገው የናታሌ ጦር ግን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ዊንጌት ከየካቲት 20 ገደማ ጀምሮ በሌሊት እየተጠጉ፣ በትንሽ በትንሽ ቡድን እየተኮሱ፣ በቀን እየተሰወሩ ብዙ ሰው ያላቸው አስመሰሉ። ከጦሩ ጋር ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረው ጆርጅ ስቲር ነበር። በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በጣሊያን ሥር ያለው የአገሬው ወታደር እንዲከዳ ይሰብካል። ስቲር ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም ያሳትም ነበር። ወረቀቱ ድንበር እየተሻገረ በጎጃም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበርና፣ ስለ ቡሬ ድል ስናወራ ከጥይቱ ጎን ወረቀቱንም መቁጠር አለብን።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የውጭዎቹ መጻሕፍት፣ ከጦሩ ጋር የነበረው አለን በ1943 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጨምሮ፣ ጦርነቱን የሚጀምሩት ከዊንጌት ነው። ናታሌ ግን ምሽግ ውስጥ የተከተተው ዊንጌት ስለመጣ ብቻ አልነበረም። በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በፋግታ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ለዓመታት መንገድ ሲዘጉበት ኖረዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይዋደዱም ነበር፤ ይህን የውጭዎቹ ጸሐፊዎች ደጋግመው ይነግሩናል። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም የገቡት የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ፣ ከእሳቸውም ጋር አዛዥ ከበደ ተሰማ፣ መጀመሪያ የያዙት ሥራ ማስታረቅ ነበር። ከበደ ተሰማ ኋላ ደጃዝማች ተብለው በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «የታሪክ ማስታወሻ» የዚያን ጊዜ ጎጃም በአገር ሰው ዓይን ይታያል። ከቡሬ ሳይወጣ የቡሬን ጦርነት ሊያነብ የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር።

ናታሌ ቡሬን ለቆ ሲሄድ፣ የካቲት 27፣ ጨረቃ ወንዝ ላይ ከፊቱ ቀድሞ የነበረውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ አገኘ። ያ ሻለቃ በአንድ ጦር ፊት ብቻውን ቆመ። መቶ ገደማ ሰው ሞተበት፣ ቆሰለበት፤ ጣሊያኖቹም ብዙ ሰው አስቀርተው ጥሰው አለፉ። የሻለቃው አዛዥ የእንግሊዙ ሻለቃ ቦይል ስማቸው በየመጽሐፉ አለ። የወደቁት ኢትዮጵያውያን በቁጥር ነው የሚገኙት።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ቡሬ ገቡ። ከዚያ በማንኩሳ፣ ያኔ ውጀት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም፣ በጅጋና በደምበጫ አድርገው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። «ፍኖተ ሰላም» የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው እንደሆኑ በአገሩ ይነገራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር የሚተረክ ወግ አለ። የጣሊያን ስልክ ሳይቆረጥ ቆይቶ ይጮኻል፣ በዓባይ መሻገሪያ ያሉት ጣሊያኖች ናቸው። ከጦሩ ጋር የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ጣሊያንኛ ያውቅ ነበርና፣ በዊንጌት ትእዛዝ ስልኩን አንሥቶ አሥር ሺህ ጦር እየመጣባችሁ ነው፣ ብትሸሹ ይሻላችኋል አላቸው። በጎጃም ጦርነት አሜሪካ ያደረገችው ተሳትፎ ያ የስልክ ጥሪ ነው ቢባል ከእውነት ብዙም አይርቅም።

ምክንያቱም የሩዝቬልት መንግሥት ለኢትዮጵያ ከዚያ በፊት የዋለው ውለታ ቀዝቃዛ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ወረራውን ስትጀምር፣ በሁለት ቀን ልዩነት ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አወጁ። ጣሊያን መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ የላትም። እኩል ክልከላ ማለት ያ ነበር። ነዳጁም አልተከለከለም። በሌላ በኩል አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ እስከ መጨረሻው አልተቀበለችም። ይህ በወረቀት ብቻ የተደረገ ነገር ይመስላል፤ ኋላ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ቆመበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ቤት እንሂድ። ከሩዝቬልት በፊት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑን ሲለቅ ደብዳቤውን እንደ ልብሱ ጠቅልሎ ይዞ ይሄድ ነበር፤ የግሉ ንብረት ነውና። የሚቃጠለው ተቃጠለ፣ የሚሸጠው ተሸጠ። የሊንከን ልጅ ሮበርት የአባቱን ወረቀት ለመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሲሰጥ፣ እሱ ከሞተ 21 ዓመት ሳይሞላ እንዳይከፈት ውል አሰረበት፤ ሣጥኑ የተከፈተው ሊንከን ከተገደሉ ከ82 ዓመት በኋላ ነው። ሩዝቬልት ይህን አልወደዱም። ቴምብር የሚሰበስቡ፣ ወረቀት መጣል የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሃይድ ፓርክ በተባለው በተወለዱበት ርስት ላይ መሬት ቆርሰው ሰጡ፣ የሕንጻውን ቅርጽ ራሳቸው በእርሳስ ነደፉ፣ ገንዘቡ ከሕዝብ ተዋጣ፣ ቤቱንም መንግሥት ተረከበው። የተመረቀው ሰኔ 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ወር ሳይሞላ። ሥልጣን ላይ ሳሉ በራሳቸው መዝገብ ቤት ገብተው የሠሩ ፕሬዚዳንት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ እዚያ 17 ሚሊዮን ገጽ ያህል ሰነድ አለ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ፕሬዚዳንቶች ያንኑ ፈለግ ተከተሉ።

ከዚያ ሰነድ መካከል ፕሬዚዳንቱ ወደ ያልታ ጉባኤ ሲሄዱና ሲመለሱ በየሰዓቱ የተጻፈው የጉዞ መዝገብ ይገኛል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብጽ ውስጥ በመራራው ሐይቅ ላይ በቆመችው «ኩዊንሲ» መርከብ የተደረገው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። በመጀመሪያ የግብጹ ንጉሥ ፋሩቅ መጡ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በማግስቱ የሳዑዲው ኢብን ሳዑድ። ፋሩቅ አውሮፕላን፣ ንጉሠ ነገሥታችን አራት የጦር አውቶሞቢል ተሰጣቸው። አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ይልማ ዴሬሳና አሜሪካዊው አማካሪ ጆን ስፔንሰር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ነበሩ። ይልማ ሩዝቬልትን አስቀድመው ያውቋቸዋል፤ በ1935 ዓ.ም. ክረምት ዋሽንግተን ሄደው አነጋግረዋቸው ነበር። የውሰቱ ስምምነት የተፈረመውም፣ የሽልንጓም ብር መንገዱ የተከፈተው፣ ያኔ ነው።

መርከቡ ላይ የተነሣው ነገር የባሕር በርና ኤርትራ፣ የጅቡቲው ባቡር፣ ኦጋዴን፣ እንዲሁም በሰላሙ ጉባኤ መቀመጫ ማግኘት ነበር። ኦጋዴንን ያኔ የያዙት እነማን ነበሩ? እንግሊዞች። በግመል ጭነው፣ በቡሬ አሳልፈው ንጉሡን ወደ ዙፋናቸው ያመጡት ራሳቸው እንግሊዞች፣ ከድሉ በኋላ አገሩን ቶሎ አልለቅ አሉ። ጃንሆይ የቡሬውን ወዳጅ የሚገፋላቸው ሌላ ወዳጅ ፍለጋ ነው ወደ ሐይቁ የበረሩት፤ እንግሊዞችም ነገሩን አልወደዱትም። እኔ እንደማየው የመጋቢት 1933 ዓ.ም. የቡሬ ጉዞና የየካቲት 1937 ዓ.ም. የመርከብ ስብሰባ የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ሩዝቬልት ታመው ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ፣ ሚያዝያ 4 ቀን አረፉ። ቀብራቸው እዚያው ከመዝገብ ቤታቸው አጠገብ፣ በጽጌረዳ አትክልታቸው ውስጥ ነው።

የቡሬው ምዕራፍ ሰነድ የት ነው ያለው? የጣሊያኑ ሮም፣ የእንግሊዙ ለንደን። በእኛ በኩል በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የቻሉትን አስቀምጠዋል። የጃንሆይም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አለ። ከዚያ ወዲያ የአውራጃ፣ የወረዳና የግለሰብ ወረቀት ነው፤ ጉዳዩ የከፋው እዚህ ነው። የጎጃም ሰው ወረቀት መጠበቅ አቅቶት አያውቅም ነበር። ርስት የሚከራከር ሰው የአያቱን ፍርድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የአለቃውን ማኅተም በቆዳ ጠቅልሎ ለልጅ ልጅ ያወርስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሁሉ ወረቀት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ናታሌ ቡሬን የለቀቀበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

አንድ ጊዜ በዚያው አካባቢ በርበሬ ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለልኝ በእጅ በተጻፈ፣ ከዳሩ ማኅተም ያለበት የቆየ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ከየት አመጣኸው አልኩት። «በኪሎ ሸጡልን» አለኝ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ነገረኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ብቻውን አይደለምና። ደብዳቤውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ በርበሬው ቀይ አድርጎት «ለክቡር» ከሚለው በቀር አልለይ አለ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የቡሬ፣ የማንኩሳ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የጅጋና የደምበጫ ሰዎች፦ በቤታችሁ የአርበኛ አያት ደብዳቤ፣ የሜዳሊያ ወረቀት፣ የ«ባንዲራችን» ቅጠል ወይም ስሙ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ካለ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም በስልካችሁ አንሡት። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም አያታችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። በጨረቃ ወንዝ ላይ ከወደቁት መካከል የአንዱን ስም የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ፣ የአባቱን ስምና የተወለደበትን ቀበሌ ጨምራችሁ ለዚህ ዓምድ ላኩልን።