ስለ ሞክሼ ፊደሎች መለዋወጥ

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የመሠረተው ነጋሢ፥ ስሙ «ነግሠ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ በንጉሡ ሠ ይጻፋል። በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሲገኝ ሊቃውንቱን ያስቈጣል። ቍጣውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ፥ «ሰረቀ» ማለት ግን ሌብነት ፈጸመ ነውና።

ይሁን እንጂ በአክሱም ዘመን ተለይቶ ይሰማ የነበረው ድምፅ በአማርኛ አንድ ሆኗል፤ ጸሓፊውም የሚሳሳተው ጆሮው ስለማይረዳው ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የቈየ ደብዳቤ ሲገለብጥ አጻጻፉን እንዳለ ይተወው እንጂ አያርመው፤ የጸሓፊውን የግዕዝ ትምህርት የሚጠቁመው ስሕተቱ ራሱ ነውና። በገዛ ጽሑፉ ግን ሥርወ ቃሉን ይጠብቅ።