ከባሶ ገበያ እስከ ፓሪስ አዳራሽ፤ ስለ ጥቁር ገላ ዋጋ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የጁቤን ያገኛል። በዚያ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 በጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፎ ትቶልናል። ከአባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይወርዳል። ከዚሁ ሸቀጥ ጋራ ሰው ይሸጥ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የባሪያ ንግድን ታሪክ በሙሉ ልንዘረዝር አላሰብንም። የምንመረምረው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ይኸውም የሴትን ገላ ቀለም አይቶ ዋጋ የሚቈርጠው ዐይን ነው። ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። በፓሪስ፣ በሚላኖና በኒው ዮርክ የፋሽን አዳራሾች ስለሚታዩት ጥቁር አፍሪካውያት ሞዴሎችና ስለሚደርስባቸው ነገር በተነጋገርን ቍጥር፣ ጉዳዩ የፈረንጅ ኀጢአት ብቻ ሆኖ ይቀርባል፤ እኛ የጎጃም ልጆችም ከዳር የቆምን ታዛቢዎች እንመስላለን። ባሶ ግን በራችን ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ንግድ ሰው በቀለሙ ይመደብ ነበር። ከአባይ ማዶ ከኦሮሞና ከሲዳማ አገር የሚመጡት «ቀይ» ይባላሉ። ከምዕራብ ቆላ፣ በተለይም ከመተከል ጉሙዝ የሚማረኩት ደግሞ «ሻንቅላ» ይባሉ ነበር (ዛሬ ስድብ መሆኑ የታወቀውን ይህን ቃል የምንጽፈው ለታሪኩ ስንል ብቻ ነው)። ከጎጃም በጎንደርና በመተማ አልፈው ሱዳን፣ ግብፅና ዐረብ አገር የሚደርሱ «ቀይ» ልጃገረዶች ከጥቁሮቹ በላቀ ዋጋ ይሸጣሉ፤ የሚፈለጉትም ለቁባትነት ነበር። ጥቁሮቹ ለጉልበት ሥራ ይገዛሉ። አንዲቱ ስለ መልኳ ትወደዳለች፣ ሌላዪቱ ስለ መልኳ ትናቃለች፤ ሁለቱም ግን በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ሲዋጉ ከተጣሉበት ነገር አንዱ ይህ የአባይ ማዶ ሀብት ነበር። ጎጃም በዚያ ከተሸነፈ በኋላ የደቡቡ ንግድ ወደ ሸዋ እየዞረ ሄደ። የምዕራቡ ቆላ ግን አልዳነም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ስለ ጉሙዝና ስለ ቤላ ሻንጉል ባቀረቡት ጥናት እንደምንረዳው፣ የሰው ፍንገላው በዚያ በኩል እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቀጥሏል።

የቀለሙን ደረጃ የፈጠረው ነጋዴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቋንቋችንም ምስክር ነው። ሰው ሁሉ ጥቁር በሆነበት አገር «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን እንለያያለን። ይህ መለየት ብቻውን ክፋት የለበትም፤ ገበሬ የከብቱን ቀለም ከዚህ አብልጦ ይለያል። ክፋቱ የሚታየው ሰው «ጥቁር ናት» ማለት እየከበደው፣ እንደ ነውር ሸፍኖ «ጠቆር ትላለች» ሲል ነው። «ጨዋ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል። ዛሬ ጠባየ መልካም ለሆነ ሰው የምንሰጠው ምስጋና ነው፤ የቀድሞ ትርጕሙ ግን ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ሰው የተወለደ ማለት ነበር። በየቀኑ ሰውን ስናመሰግን ሳናውቀው የገበያውን አጥር እንጠቅሳለን።

አሁን ከባሶ ወደ ሰሜን የሄደውን መንገድ ተከትለን እስከ አውሮፓ እንዝለቅ። ጀርመናዊው መስፍን ሄርማን ፎን ፒክለር ሙስካው እ.ኤ.አ. በ1837 በግብፅ ጉዞው ላይ ሳለ ከባሪያ ገበያ አንዲት የኦሮሞ ልጅ ገዛ። እርሱ ከ50 ዓመት ያለፈ ሰው፣ እርስዋ ገና ልጅ ነበረች። የተጠራችበት «ማሕቡባ» በዐረብኛ የተወደደች ማለት ነው። መስፍኑ ስለ ገላዋ ሲጽፍ ከታላቅ ጣልያናዊ ሠዓሊ ሥዕል ጋራ እያስተያየ ነው፤ የምሥራቅ ልብስ አልብሶም በቪየና መኳንንት መካከል አሳያት። በመስከረም 1840 ወደ ርስቱ ወደ ሙስካው አደረሳት፤ በጥቅምት ወር በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ወዷታል የሚሉ አሉ፤ እኛም አልወደዳትም ብለን አንከራከርም። የወደዳት ግን ከገዛት በኋላ ነው።

ከእርስዋ ቀደም ብላ ከደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1810 ወደ ለንደን የተወሰደችው ሣራ ባርትማን ገላዋን ለትርኢት አቀረቡት፤ በ1815 ፓሪስ ውስጥ ከሞተች በኋላም አስከሬንዋ ተገንጥሎ በሙዚየም ተቀመጠ። አገርዋ ገብታ የተቀበረችው በ2002 ነው።

የፋሽን ቤቶች አፍሪካን ጌጥ አድርገው በሰፊው የያዙት ቈየት ብለው ነው። ኢቭ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ1967 ከእንጨት ዶቃና ከቃጫ የተሠራ «አፍሪካዊ» ልብስ አቀረበ። በ1975 ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ቢርድ በናይሮቢ መንገድ ላይ ሶማሊያዊቱን ኢማንን አየ። ኢማን የዲፕሎማት ልጅ፣ ብዙ ቋንቋ የምትናገርና በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ የምትማር ነበረች። ለኒው ዮርክ ጋዜጠኞች የተነገራቸው ግን በዱር ከብት ስትጠብቅ የተገኘች ናት ተብሎ ነው። እኛ ራሳችን ተማሪዎች ስለሆንን ይሆናል፣ ከሰበሰብነው ታሪክ ሁሉ ይህ ይበልጥ ከንክኖናል። ውሸቱ ለምን አስፈለገ? ገዢው የሚፈልገው አፍሪካዊት ሴት እንድትሆን ሳይሆን ዱር ራሱ እንዲመጣለት ስለሆነ ነው፤ ደብተር የያዘች ልጅ ደግሞ ለዚህ አትመችም።

ወደ አገራችን ልጆች ስንመጣ የባሶ ሁለት ወገን ተመልሶ ይታየናል። በ1978 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ ታላቅ ዝና አግኝታለች፤ የፓሪሱ ቮግ መጽሔት በግንቦት 2002 እትሙን በሙሉ በእርስዋ ላይ አውሎታል። በ2003 የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ወኪል ሆነች። ይህን የሚያወድሱ ሰዎች ኩባንያው የተቋቋመው በ1946 መሆኑን ይረሳሉ፤ 57 ዓመት ሙሉ አንዲት ጥቁር ሴት አልተገኘችም ማለት ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ፈረንጆች ኢትዮጵያውያንን ሲያደንቁ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ ነው፣ የአውሮፓ ሰው ይመስላሉ እያሉ ነበር። የሐበሻ ሴት ስትመረጥ ይህ አሮጌ ሚዛን ፈጽሞ ተጥሎ ነው የሚለን ሰው ቢኖር ለማመን እንቸገራለን።

በሌላው ወገን ከደቡብ ሱዳን ቤተ ሰብ በጋምቤላ የተወለደችው ኒያኪም ጋትዌች አለች። እርስዋን የሚያደንቋት «የጨለማ ንግሥት» ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰፊው እንደ ተሰማው፣ አንድ የመኪና ነጂ 10,000 ዶላር ቢሰጥሽ ቆዳሽን ታነጪ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እርስዋም ሳቀችበት። በኋላም ከዓለም ሁሉ ጥቁር ቆዳ ያላት ተብላ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ገብታለች የሚል ወሬ ተነዛ። መዝገቡ የቆዳ ቀለም አልመዘግብም ብሎ አስተባበለ እንጂ ወሬውን ያወሩት ሰዎች እንደ ክብር ቈጥረውት ነበር። በልጅነትዋ በኢትዮጵያ የስደተኞች ካምፕ የኖረችው ኒክሆር ፖልም በ2015 በጻፈችው ግልጽ ደብዳቤ፣ ነጮቹ ሞዴሎች ባዶ እጃቸውን ሲመጡ እርስዋ ለቆዳዋ የሚሆን ቅባትና ዱቄት ከቤትዋ ይዛ እንድትመጣ መደረጉን ነቅፋለች። ጥቁረትዋን ፈልገው ይቀጥሯታል፤ ለጥቁረትዋ የሚሆን ዕቃ ግን አይገዙም። በ2019 ደግሞ አንድ የአውስትራልያ መጽሔት የአዱት አኬችን ቃለ መጠይቅ አትሞ፣ ሥዕሉን የሌላ ጥቁር ሞዴል አደረገው። ቃሏ የተናገረው ሰዎች ስደተኞችን እንዴት እንደሚያዩ ነበር።

አንባቢያችን እዚህ ላይ ሊቃወመን ይችላል። ባሪያና ሞዴል እንዴት በአንድ ይነገራሉ? ሞዴሏ በፈቃድዋ ውል ትፈርማለች፣ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ስትፈልግ ትተዋለች ይለናል። ተቃውሞው እውነት ነው፣ እንቀበለዋለንም። ሊያ ከበደ ባገኘችው ስም ተጠቅማ በ2007 «ለምለም» የሚባል ድርጅት አቋቁማ ለኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ ሰጥታለች፤ ማሕቡባ እንዲህ ያለ ዕድል በሕልምዋም አላየችም። እኛ አንድ ናቸው ያልነው ሁለቱን ሴቶች አይደለም፤ የሚመለከታቸውን ዐይን ነው። ያ ዐይን ሲያደንቅም ሲንቅም ገላውን ከሰውየዋ ነጥሎ ነው።

ባርነትን በየጥቂቱ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጣ፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችውም በዚያው ዓመት ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። የተሻረው ግን ግዢና ሽያጩ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ የዘር አጥንት መቍጠሩ፣ ሙሽራዪቱ «ቀይ ናት ወይስ ጥቁር?» ተብሎ መጠየቁ አልቀረም፤ በከተሞቻችን ሱቆችም ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ይሸጣል፣ የሚገዛውም አለ።

በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ የጁቤ ካሉት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የመልክ ስሞችን፣ በተለይም በአማላጆች አፍ የሚነገሩትን፣ ለመሰብሰብ ተነጋግረናል። ከመተከል የመጡ ጓደኞቻችን ደግሞ ጉሙዞች እኛን ደገኞቹን በምን ስም እንደሚጠሩን ጽፈው ሊያመጡልን ቃል ገብተዋል።