የኔትዎርክ ፕሪፊክስ

የኔትዎርክ ፕሪፊክስ ማለት በአይፒ አድራሻ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ ለብዙ አድራሻዎች የጋራ የሆነ የቢቶች ስብስብ ነው። ራውተር የደረሰውን ፓኬት ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው የእያንዳንዱን ኮምፒውተር አድራሻ መዝግቦ ይዞ ሳይሆን ይህን መነሻ አይቶ ነው። ከአንድ አድራሻ ጋር ብዙ ፕሪፊክሶች ከገጠሙ ረጅሙ ይመረጣል።

የአራዳ ስልክ ቁጥሮች ምሳሌ

በመነሻ አኃዝ መንገድ መምረጥ በስልክም የተለመደ ነው። ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በሚሠራበት የቁጥር አሰጣጥ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልኮች በ011 ይጀምራሉ። ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አኃዞች የስልክ ጣቢያውን ይለያሉ፦ 111፣ 112፣ 155፣ 156 እና 157 የአራዳ፣ 123 የስድስት ኪሎ፣ 551 ደግሞ የፍልውሃ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ፒያሳ ሲደወል፣ ጥሪውን ወደ አዲስ አበባ ለመምራት 011ን ማወቅ ይበቃል። ከተማው ውስጥ ደግሞ 156ን አይቶ ወደ አራዳ መላክ ይቻላል። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የሚያስፈልጉት አራዳ ላይ ብቻ ነው። የኢንተርኔት ራውተሮችም በዚሁ መንገድ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ ልዩነቱ የሚቆጥሩት አኃዝ ሳይሆን ቢት መሆኑ ነው።

አጻጻፍ

የአራተኛው የአይፒ ስሪት አድራሻ 32 ቢት አለው። ቀድሞ የኔትዎርኩ ክፍል 8፣ 16 ወይም 24 ቢት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳይደር የተባለው አሠራር ሲመጣ ማንኛውም ርዝመት ተፈቀደ፤ ርዝመቱም ከአድራሻው ቀጥሎ ከእዝባር በኋላ ይጻፋል። ለምሳሌ በኢትዮ ቴሌኮም ስም ከተመዘገቡት አንዱ 213.55.64.0/18 ነው። የመጀመሪያዎቹ 18 ቢቶች ቋሚ ስለሆኑ ቀሪዎቹ 14 ቢቶች 16,384 አድራሻዎችን ይሰጣሉ፤ እነሱም ከ213.55.64.0 እስከ 213.55.127.255 ያሉት ናቸው።

በሶፍትዌር ውስጥ

የጀማሪ ፕሮግራመሮች የተለመደ ስሕተት ፕሪፊክስን እንደ ጽሑፍ ማወዳደር ነው። 213.55.6.1 በ«213.55.6» ቢጀምርም ከላይ ባለው ፕሪፊክስ ውስጥ አይደለም፤ 213.55.100.1 ግን ውስጡ ነው። ትክክለኛው መንገድ አድራሻውን ወደ 32 ቢት ቁጥር መለወጥ፣ ከፕሪፊክሱ ርዝመት በኋላ ያሉትን ቢቶች ዜሮ ማድረግና ውጤቱን ከፕሪፊክሱ ጋር ማወዳደር ነው። ከርዝመቱ በኋላ ዜሮ ያልሆነ ቢት ያለበት ፕሪፊክስም መታረም ይገባዋል፤ የፓይተን «አይፒአድሬስ» ሞጁል እንዲህ ያለውን ኔትዎርክ ካልተነገረው በቀር አይቀበልም።

የራውተር ሠንጠረዥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፕሪፊክሶች ሊኖሩት ስለሚችል አንድ በአንድ መፈተሽ አያዋጣም። ስለዚህ ፕሪፊክሶቹ «ትራይ» በተባለ የዛፍ ቅርጽ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 መሆኑ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ይመራል። ፍለጋው እየወረደ በመጨረሻ ያገኘው ፕሪፊክስ ረጅሙ ነው። የሊኑክስ ከርነልም የዚህን ዛፍ የተሻሻለ ዓይነት ይጠቀማል። ሌላ ምንም ካልገጠመ ፓኬቱ 0.0.0.0/0 በተባለው ነባሪ መንገድ ይሄዳል።

አደጋውና መከላከያው

ረጅሙን የመምረጥ ደንብ ማን እንደጻፈው አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 (የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም.) ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት 208.65.153.0/24ን አወጀ። ማስታወቂያው ከአገር ወጥቶ ተሠራጨ። ዩቲዩብ ያወጀው 208.65.152.0/22 ስለነበር የዓለም ራውተሮች ረጅሙን መረጡ፤ አገልግሎቱም ለሁለት ሰዓት ያህል ተስተጓጎለ። ዩቲዩብ መጀመሪያ ያንኑ /24፣ ቀጥሎም ሁለት /25 ፕሪፊክሶችን በማወጅ ተከላከለ።

ዛሬ አንዱ መከላከያ አርፒኬአይ ነው። የአድራሻው ባለቤት የትኛው ኔትዎርክ ፕሪፊክሱን ማወጅ እንደሚችልና እስከ ስንት ቢት ሊረዝም እንደሚፈቀድ በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል። የአፍሪካ አድራሻዎች ይህን የሚያደርጉት በሞሪሸስ በሚገኘው አፍሪኒክ በኩል ነው። ማረጋገጫው የሚጠቅመው ግን ሌሎች ራውተሮች ሲፈትሹትና የማይስማማውን ማስታወቂያ ሲጥሉ ብቻ ነው።